ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ማሳ፣ የተሰረቀ ታሪክ

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጁ ቁጥር ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።)



ስለ ቅርስ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ ቅርስ ሲወራ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። "የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለን" ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ በወንጀል ነው የምጀምረው። ወንጀሉ የተፈጸመው እንግሊዝ ሀገር ነው። "እኛን ምን አገባን?" እንዳትሉ፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ ወዴት እንደምወስዳችሁ ታያላችሁ።

እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ሲሆን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዲቴክተር ይዘው ወደ ገበሬ ማሳ ይወጣሉ። ዲቴክተር ማለት ያ ረጅም ዘንግ ያለው፣ ጫፉ ላይ ክብ ነገር የተገጠመለት ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነው። አሠራሩ ምትሃት የለውም። ክቡ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ማግኔታዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ መሬት ውስጥ ብረት፣ መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ካለ ያ ኃይል በዕቃው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ መሣሪያው ያንን ሰምቶ ይጮኻል። በቃ። አንድ ሳንቲም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር ብዙም አልፎ አይሰማም። አብዛኛው የሚወጣውም ምስማር፣ የጠርሙስ ክዳንና የተሰበረ የእርሻ መሣሪያ ነው። አንዳንዴ ግን ሌላ ነገር ይወጣል።

በ2015 ሰኔ ወር ከደቡብ ዌልስ የመጡ ሁለት ጓደኛሞች ሄርፎርድሺር በሚባለው አውራጃ፣ ሌምንስተር ከተማ አጠገብ ያለ አንድ ማሳ ላይ ዲቴክተራቸውን ይዘው ወጡ። መሣሪያው ጮኸ። ቆፈሩ። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ጫፉ በአውሬ ራስ ያማረ የወርቅ አምባር፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የወርቅ ቀለበት፣ በወርቅ የታሰረ ክብ የክሪስታል ጌጥ፣ የብር ጥፍጥፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሳንቲም፣ ሳንቲም፣ ሳንቲም። እስከ 300 ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ከ1,100 ዓመት በላይ ማንም ሳይነካው አፈር ውስጥ የተኛ ሀብት ነው። ጊዜው ቫይኪንግ የሚባሉት የባሕር ወራሪዎች እንግሊዝን የሚያምሱበት ዘመን ስለነበረ፣ ከወራሪዎቹ አንዱ ቀብሮት ሳይመለስ የቀረ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የእንግሊዝ ሕግ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1996 የወጣ የተቀበረ ሀብት ሕግ አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ሹም ማሳወቅ አለበት። ከዚያ ባለሙያዎች ዋጋውን ይገምታሉ፤ ሙዚየም ከገዛው ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ላገኘውና ለመሬቱ ባለቤት እኩል ይከፈላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ "አግኝተህ ስጠንና ሂድ" አይልም። "ተናገር፣ ድርሻህን ውሰድ" ነው የሚለው።

ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ጌጣጌጡን ካርዲፍ ወዳለው ሙዚየም ወሰዱ፤ ሳንቲሞቹን ደበቁ። "ሌላ አላገኛችሁም?" ሲባሉ "ኧረ የለም" አሉ። ሳንቲሞቹ በጓሮ በር ለገዢ መቅረብ ጀመሩ። ወሬው በሳንቲም ነጋዴዎች ሰፈር ተሰማ፤ ፖሊስም ጆሮ ገባ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? እነዚህን ያወጣቸው ግን ብቅል ሳይሆን የገዛ ስልካቸው ነው። ገና ከጉድጓዱ ሲወጣ ያነሱትንና በኋላ የሰረዙትን ፎቶ ፖሊስ ከስልኩ ውስጥ መልሶ አወጣው። ሳንቲሞቹ እዚያ ክምር ብለው ይታያሉ።

በ2019 ፍርድ ቤት በስርቆትና ያገኙትን ሀብት በመደበቅ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ አንዱን 10 ዓመት፣ ሌላውን 8 ዓመት ከግማሽ ቀጣቸው። በይግባኝ ጊዜው ቢቀነስላቸውም እስሩ አልቀረላቸውም። የሀብቱ ጠቅላላ ዋጋ ከ3 እስከ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቷል። ከመጀመሪያው የመሬቱን ባለቤት አስፈቅደው፣ ያገኙትን በሕጉ መሠረት ተናግረው ቢሆን ኖሮ የዚህ ተካፋይ ይሆኑ ነበር። ስግብግብነት እንዲህ ነው፤ ሙሉውን ልጉረስ ሲል ድርሻውንም ያጣል።

እስቲ አሁን ገንዘቡን እንተወው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ያኔ ከ300ው ሳንቲም በፖሊስ እጅ የገባው 31 ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች 44 የሚሆኑ ሳንቲሞችን ሊሸጡ ሲሉ ተይዘው ተፈረደባቸው። የቀረው የት እንዳለ አይታወቅም። እነዚህ ሳንቲሞች ምን ይናገሩ እንደነበር ስሙኝ።

በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የዛሬዋ እንግሊዝ አንድ ሀገር አልነበረችም። ዌሴክስ የሚባል መንግሥት ነበር፤ ንጉሡ አልፍሬድ። መርሲያ የሚባል ሌላ መንግሥት ነበር፤ ንጉሡ ቼዮልዉልፍ። የጊዜውን ዜና መዋዕል የጻፉት የአልፍሬድ ወገኖች ናቸው። ታዲያ አልፍሬድን ጀግና አድርገው ሲጽፉ፣ ቼዮልዉልፍን ግን የቫይኪንጎች አሻንጉሊት፣ አስተዋይነት የጎደለው ሰው አድርገው አለፉት። እንግሊዞች ይህንን ለ1,000 ዓመት ያህል ሲያነቡ ኖሩ።

ሳንቲሞቹ ግን ሌላ ታሪክ ይዘው ነበር። ከመካከላቸው ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን የተቀመጡበት ሥዕል ያለባቸው ይገኛሉ። ያንኑ ሥዕል አልፍሬድም አሳትሞታል፣ ቼዮልዉልፍም አሳትሞታል። አያችሁ? "አሻንጉሊት" የተባለው ሰው ከአልፍሬድ ጋር በአንድ ገንዘብ የተሳሰረ አጋር ነበር። በኋላ አልፍሬድ ገነነ፤ የአጋሩ ስም ከታሪክ ተፋቀ። ብራና የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል፤ ጸሐፊው የንጉሥ ሰው ነዋ። አፈር ውስጥ የቀረ ሳንቲም ግን በኋላ ለመጣ ንጉሥ አያጎበድድም።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ2015፣ ከአራት ወር በኋላ፣ ኦክስፎርድሺር ውስጥ ዋትሊንግተን አካባቢ አንድ ጡረተኛ ዲቴክተሩን ይዞ ወጣ። እሱም የዚያኑ ዘመን ሀብት አገኘ። 200 ያህል ሳንቲሞች፣ የብር ጥፍጥፎችና ጌጣጌጥ፤ ከሳንቲሞቹም መሐል እነዚያው ሁለት ነገሥታት አሉ። ይህ ሰው ግን ለባለሙያ ደወለ። ባለሙያው መጣ፤ ሀብቱን አንድ በአንድ አልለቀመም፤ ከነአፈሩ እንደ ጭቃ ጡብ አድርጎ አነሳውና ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በጥንቃቄ ተፈለቀቀ። ዛሬ ኦክስፎርድ አሽሞልያን ሙዚየም ውስጥ ስሙም ታሪኩም ተጽፎ ተቀምጧል። ስለ ሁለቱ ነገሥታት አጋርነት አጥኚዎች በድፍረት መናገር የቻሉት በዋናነት በዚህ ሰው ስልክ ምክንያት ነው።

አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ሳንቲም። ልዩነቱ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

"ከነአፈሩ" ያልኩትን ያዙልኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። በ1992 ሰፎክ አውራጃ፣ ሆክስን የሚባል ቦታ አንድ ገበሬ መዶሻው ጠፋበት። ዲቴክተር ያለው ወዳጁን "እስቲ ፈልግልኝ" አለው። ወዳጁ መዶሻ ሊፈልግ ወጥቶ የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር አገኘ፤ ወደ 15,000 የሚጠጋ ሳንቲም፣ 200 ያህል የወርቅ ጌጥና የብር ዕቃ! ሰውዬው ጥቂት እንዳወጣ መቆፈሩን አቆመ፤ ጉዳዩን ለሚመለከታቸው አሳወቁ፤ በማግስቱ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው በሥርዓት አወጡት። ቦታው ስላልተረበሸ ምን ታወቀ መሰላችሁ? ሀብቱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደነበረ፣ ውስጡም ትናንሽ ሣጥኖች እንደነበሩ፣ የቱ ዕቃ ከየትኛው ጋር ተደርድሮ እንደነበረ። እንጨቱ በአብዛኛው በስብሷል፤ ቅርጹን የያዘው ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አንድ ቤተሰብ ንብረቱን አጣጥፎ እንዴት እንደሸሸገ ማለት ነው። በጆንያ ተዝቆ ቢወጣ ኖሮ የሚቀረው ብር ብቻ ነበር። መዶሻውም ተገኝቷል፤ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው!

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ በጥንት ዘመን የራሱን ሳንቲም ያሳተመ መንግሥት አክሱም ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ተጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ታተመ። የንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ የእህል ዛላ አለ፤ ገበሬ ሀገር መሆናችንን ገንዘባችን ላይ ጽፈነዋል ማለት ነው። ንጉሥ ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ባሳተመው ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ይታያል፤ ከተጠመቀ በኋላ ባሳተመው ላይ መስቀል ይታያል። የአንድ ሀገር ሃይማኖት የተለወጠበት ጊዜ በመዳፍ በሚያዝ ወርቅ ላይ ተቀርጾ! ከዚያ በኋላ በወጡ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በግሪክ ቋንቋ "ይህ ሀገሬውን ደስ ያሰኝ" የሚል ጽሑፍ አለ። ንጉሥ ለሕዝቡ በገንዘቡ ሲናገር አስቡት።

ይህ ብቻ አይደለም። ከአክሱም ነገሥታት መካከል ከሳንቲማቸው በቀር ሌላ ምስክር የሌላቸው አሉ። ንጉሥ ዋዜባን ውሰዱ። በሳንቲም ላይ በግእዝ መጻፍ የጀመረው እሱ ነው። እሱን የምናውቀው ግን በሳንቲሙ ብቻ ነው። እነዚያ ጥቂት ሳንቲሞች ከመሬት ወጥተው ቀልጠው ጉትቻ ቢሆኑ ኖሮ፣ ዋዜባ የሚባል ንጉሥ እንደነበረን የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም ነበር። እንግሊዞቹ የአንድ ንጉሥ ክብር ነው የተሰረቀባቸው። እኛ ንጉሡን ራሱን ነው የምናጣው።

ቦታውስ? በ1980ዎቹ የመን ውስጥ ኤደን አካባቢ፣ አል መዳሪባ በሚባል ቦታ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። 868ቱ የሮማውያን፣ 326ቱ የአክሱም ናቸው። ያ ወርቅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እዚያ መገኘቱ ራሱ ታሪክ ነው። አክሱም በባሕሩ ማዶ የነበራትን ንግድና ኃይል፣ ገንዘቧም ከሮም ገንዘብ ጎን ይቀመጥ እንደነበር ይመሰክራል። ሕንድ ሀገርም የአክሱም ሳንቲም ተገኝቷል። ሳንቲሙ "እኔ የአክሱም ነኝ" ይላል፤ "መርከባችሁ እስከዚህ ደርሷል" የሚለው ግን የተገኘበት ቦታ ነው። ቦታው ካልታወቀ ሳንቲሙ ግማሽ ምላሱን ተቆርጧል ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ምን እያደረግን ነው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ክረምት ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ፣ ማረሻ መሬቱን ሲገለብጥ፣ የቤት መሠረት ሲቆፈር ሳንቲም ይወጣል። ልጆች ይለቅሙታል፤ ደላላ በርካሽ ይገዛቸዋል፤ ለቱሪስት ይሸጠዋል፤ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ታዩታላችሁ፣ በዶላር። የት ማሳ ላይ ወጣ? ከምን ጋር ነበር? አይታወቅም። ጥንታዊ መቃብርና ፍርስራሽ ባለበት ሁሉ ደግሞ "ሥሩ ወርቅ አለበት" የሚል ወሬ አይጠፋም፤ በሌሊት የሚቆፍርም አይጠፋም። እንግሊዞች ያለፈቃድ በሌሊት ማሳ የሚያምሱትን "የሌሊት ጭልፊት" ይሏቸዋል። ጭልፊቱ እዚህም አለ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር ልግባ። ሁላችንም "የመቅደላ ቅርስ ይመለስ!" እንላለን። ማለትም አለብን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ የአፄ ቴዎድሮስን ግምጃ ቤትና ቤተ ክርስቲያኑን ዘርፎ ሄዷል። ብሪቲሽ ሙዚየም ዛሬም 11 ታቦታት አሉ። በገዛ ማሳቸው ለተገኘ ሳንቲም ሰው በዓመታት እስር የሚቀጣ ሀገር የእኛን ታቦት ይዞ መቀመጡ ትዝብት ነው፤ እንናገረዋለን። ጥያቄውም ፍሬ አልባ አይደለም። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ተመልሷል። የአፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ዘለላ በ2019 ተመልሷል። በ2021ም ከመቅደላ የተወሰዱ ጥቂት ቅርሶች ተመልሰዋል።

ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። እነዚህን መጠየቅ የቻልነው ለምንድነው? ከየት እንደተወሰዱ ስለሚታወቅ ነው! ዘራፊዎቹ ራሳቸው ጽፈውታል፤ ማን እንደወሰደው፣ በጨረታ ማን እንደገዛው፣ የት እንደተቀመጠ። የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ ራሱ ባዶ ሆኖ ይመሰክር ነበር። ትናንት ማታ ከአንድ ማሳ ወጥቶ በኪስ የተሸጠውን ሳንቲም ግን ማን ይጠይቅለታል? ፎቶ የለው፣ መዝገብ የለው፣ ቦታ የለው። "የእኛ ነው፣ መልሱ" ብንል "መቼ ወጣ? ከየት?" ሲሉን ምን እንመልሳለን? የመቅደላው ዝርፊያ ደብዳቤና ደረሰኝ ትቶ ሄዷል። ይኼኛው ምንም አይተውም። እንደኔ እንደኔ ከመቅደላው የሚብሰው ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም የጠፋብን መሆኑን እንኳ አናውቅም። የሚያደርገውም ባዕድ ጦር አይደለም። የእኛው ሰው ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንም መቆፈርንም ይከለክላል። በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው እንዲያሳውቅና ተረካቢው እስኪመጣ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትም ወንጀል ነው። ስለዚህ "እንግሊዞች ዲቴክተር ይዘው ይወጣሉ፣ እኛም እንውጣ" ብላችሁ እንዳትሰሙኝ አደራ! እነሱ ጋ በየአውራጃው ተመድቦ ከሕዝብ የሚመጣውን ግኝት የሚመዘግብ ባለሙያ አለ፤ እስካሁን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃ መዝግበዋል። እኛ ጋ መዝገቡ ሳይቀድም መሣሪያው ከቀደመ የሚመጣው ጥፋት ነው።

ይልቅ እንደ ወጣት የሚከተለውን እናድርግ፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ እናንተ ወይም ዘመዳችሁ አንድ ነገር ከመሬት ቢወጣላችሁ መቆፈሩን አቁሙ። አትጠቡት፣ በአሸዋ አትፈትጉት፣ በሎሚ አታንጹት። ዝገቱ ላይ የጨርቅና የእንጨት አሻራ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ያዙ። እዚያው ባለበት ፎቶ አንሱት፤ የማን ማሳ፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም ድንጋይ ስንት እርምጃ፣ ምን ያህል ጥልቀት ብላችሁ ጻፉ። የእጅ ስልካችሁ ለእንግሊዞቹ ሌቦች መጋለጫ ሆነባቸው፤ ለእናንተ ምስክር ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ስታስረክቡ ያስረከባችሁበትን ወረቀት ተቀበሉ፤ ቅጂውም እጃችሁ ላይ ይቅር። ይህ ተቀባዩን መጠርጠር ሳይሆን ቅርሱን ማስመዝገብ ነው።

አራተኛ፣ ፌስቡክ ላይ "እዚህ ቦታ ወርቅ ተገኘ" ብላችሁ አትለጥፉ። በማግስቱ አካፋ የያዘ ሕዝብ ነው የሚደርሰው።

አምስተኛ፣ አትግዙ። "ከባዕድ እጅ ላድነው" ብሎ የሚገዛ ቅን ሰው አለ፤ ግን እሱ ሲገዛ ሻጩ ነገ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል። በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። በጨረታ ገጽ ላይ የእኛ ሳንቲም ወይም ብራና ስታዩ ገጹን በፎቶ አስቀሩና ለባለሥልጣኑ ላኩ።

ገበሬውን ደግሞ እንደ ሌባ አንየው። ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ የሚቸገር ሰው ከማሳው የወጣን ወርቅ ሲሸጥ እኛ ከተማ ቁጭ ብለን ልንራገመው አይገባም። ያሳወቀ ሰው ሊመሰገንና ሊካስ ይገባል፤ አዋጁም ለእንዲህ ያለው ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። መጮህ ካለብን ይህ በተግባር እንዲውል እንጩህ። የእንግሊዞቹ ሕግ የሠራው ሰዎቹ ከእኛ የተሻሉ ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም። የሚናገር ሰው ድርሻውን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው።

በመጨረሻ ይህን ልበልና ላብቃ። ሀገርን መውደድ በመፈክር ቀላል ነው። ማንም በማያይበት ማሳ ላይ፣ እጅህ ላይ ወርቅ ይዘህ፣ ኪስህ ባዶ ሆኖ ስትቆም ነው የሚፈተነው። ያን ጊዜ ብትሸጠው ዋዜባን ሸጥከው፤ ብትናገር ገና ስሙን የማናውቀውን አንድ ንጉሥ፣ ወይም አንዲት እናት ለልጇ የቀበረችውን ጌጥ፣ ወደ ቤቱ መለስከው።

እንድትናገሩ አደራ እላለሁ። ይህንንም ገጠር ላሉት ዘመዶቻችሁ አድርሱልኝ፤ ማንበብ ለማይችሉት በቃል ንገሩልኝ።